የቦራ ኮርቻ

ጉራው ለበዛ፣ «እኔ ብሆን ኖሮ» እያለ ጆሮ ለሚያደነቁር ሰው የምንወረውራት አንዲት አጭር አባባል አለች። ማን የማያውቃት አለ? ልጆች ትግል ሲገጥሙ ይባባሏታል፣ ተሟጋቾች ችሎት በር ላይ ይወራወሯታል፣ ጣራው እያፈሰሰባት ባሏ «ነገ እጠግነዋለሁ» የሚላት ሚስትም መሰላሉን አቁማ ትለዋለች። ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ ዘንድ እንደሚተረከው መነሻዋ ኮርቻ ነው፤ ያውም አንዲት ሴት ያሠራችው ኮርቻ። ሌላ አገር ሌላ ታሪክ ቢነግሯችሁ አልጣላም፤ የእኛንም ሰምታችሁ ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው ጎጃም ደጋ ላይ ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ የባለታሪኩ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ፈረስም ይወዳሉ፣ ቂምም አይረሱም። በዚያ አገር ደህና የሚባል ቤት ሁሉ አንድ ኮርቻ ነበረው። ኮርቻው ከአባት ለልጅ ይወርዳል። እንጨቱ አይፋቅም፣ ጠፍሩ አይላላም፣ ምላጭ አይነካውም። ፈረስ ይሞታል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ኮርቻ ግን እንዳለ ይኖራል። በጥር ጊዮርጊስ ታቦቱ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ፈረሱን ጭኖ በሕዝብ ፊት ሜዳውን ይዞራል። ፈረሱን ጭኖ መዞር ያቃተው ቤት ልጓሙን ከነፈረሱ ለቅርብ ዘመድ ያስረክባል፤ ያልቻልኸውን ለሚችል ልቀቅ ነው ነገሩ። በዚህ ልማድ ስንቱ መልካም ፈረስ ጀርባው ቆስሎ፣ ገጥቦ ቀርቷል። ፈረስ በገጠበ ቁጥር አገሬው ፈረሱን ይረግማል እንጂ ኮርቻውን ገልብጦ አያይም፤ የሙት ኮርቻ መገልበጥ ሙቱን መሳደብ ይመስለዋል።

ዘቢደር የግራዝማች ተድላ ታናሽ ልጅ የተገኘ ሚስት ነበረች። ተገኘ ለጥጥ ለቀማ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከእርሱ የቀራት ጎጆዋ፣ መሬቷና አንዲት ባዝራ ብቻ ነው፤ ባዝራዋም የተዝካሩ ሰሞን ወለደችና ወዲያው ሞተች። ዘቢደር ግንባሩ ነጭ የሆነውን ውርንጭላ ጣቷን በላም ወተት እየነከረች አስጠባችው። ክረምቱን ከጓዳዋ አሳደረችው። ቦራ ብላ ስም አወጣችለት። ሐዘኗን በእርሱ ረሳች ማለት ውሸት ይሆናል፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት የምትነሣው ለእርሱ ስትል ነበር። ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ደረቱ ሰፋ፣ ጀርባው ደለበ፣ ቁመቱም ከበራፏ በለጠ። ያየው ሁሉ እግዜር ያሳድገው ይላል፤ እርሱም ማደጉን ገና አልጨረሰም።

የተገኘ ታላቅ ወንድም ባላምባራስ ቢሻው ይባላል። ፈረስ አዋቂ ነው እየተባለ ይወራለት ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚያውቀው ስለ ፈረስ ማውራት ነው፤ ጠላ ፊት ተቀምጦ የገራው ፈረስ ቢቆጠር ለአንድ ጦር ይበቃል። የግራዝማች ተድላ ኮርቻ የሚገኘው በእርሱ እጅ ነው። በዚያ ኮርቻ ሲጭነው የነበረው የራሱ ፈረስ አምና ትከሻው ገጥቦ፣ ቁስሉ ተልቶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ለጅብ ተጥሏል። ቢሻው «መድኀኒት አስነክተውብኝ ነው» ብሎ ጎረቤቱን አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ያረፈው ቦራ ላይ ነው።

መስቀል እንዳለፈ፣ ቦራን በቤቱ ኮርቻ ልሞክረው ብሎ፣ ኮርቻውን ለሎሌው አሸክሞ ዘቢደር ደጅ መጣ። ሎሌው ደህና ጋላቢ ነበር። ቦራ ሲጫን ዝም አለ። ሰውየው ሲቀመጥበት ጆሮውን ወደ ኋላ አጋደመ፤ ጥቂት ራመድ እንዳለ ጀርባውን አጎበጠና ግቢውን ሳያጋምስ ሎሌውን ጭቃ ላይ ዘረገፈው። ዘቢደር ሮጣ ልጓሙን ያዘች። ኮርቻው ትከሻው ላይ ባረፈበት ቦታ ጣቷን ለማስገባት ሞከረች፤ አልገባላትም። ኮርቻው ሲወርድ በግራም በቀኝም ጸጉሩ ተፍቆ ሥጋው አብጧል።

«ባላምባራስ፣ ኮርቻው ጠቦታል» አለች።

«ኮርቻ አይጠብም» አለ ቢሻው። «የሚወፍረው ፈረስ ነው። ገብሱን ቀንሺለት።»

«የያዘው ሥጋውን ሳይሆን አጥንቱን ነው። አጥንት ደግሞ በጾም አይከሳም።»

«አባቴ በዚህ ኮርቻ ነው ስሙን ያስጠራ። አሁን አንቺ ልታወጪለት ነው እንከን?»

«እንከን አላወጣሁም። የእርሳቸው ፈረስ ጀርባው የቀጠነ ነበር ይባላል፤ ለእርሱ ልክ ነበር። ይሄ ሰፊ ነው፤ ገና ልጅ ስለሆነም ከዚህ ይብሳል።»

ቢሻው ወደ ሎሌው ዞረ። ሎሌው ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ ነበር። «ሴት ያሳደገው ፈረስ» አለው ቢሻው፣ «ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

«ሴት ያላሳደገችው አንድ ሰው ያሳዩኝና» አለች ዘቢደር፣ «ፈረሱን አሁኑኑ ይዘውት ይሂዱ።»

ሎሌው ሳቁን ለመዋጥ አንገቱን ደፋ። ቢሻው አልሳቀም። «በጥር ጊዮርጊስ እንተያያለን» አለ። «ሳትጭኚው ከቀረሽ ልጓሙን ትሰጭኛለሽ። እኔ በረኃብና በአለንጋ ሰው አደርገዋለሁ።» ይህን ብሎ ኮርቻውን አሸክሞ ሄደ።

ዘቢደር በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ቦራ ከዚያ ቤት ከገባ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የወደቀውን ፈረስ አጥንት በየገበያው ቀን እያየችው ታልፋለች። ደግሞም ተናደደች፣ ንዴቷም ፍርሃቷን በለጠው። አማቷን በሕይወት ሳሉ ታከብራቸው ነበር፤ ለእንጨታቸው ግን ፈረስ አትገብርም።

እብጠቱን በጨው ውኃ እያጠበች አሻረችውና ገበያ ወጣች። ውዱ የሚባለው ኮርቻ ሠሪ ሥራውን በመደዳ ደርድሮ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሰፊውን አነሣላት።

«እሜቴ፣ ይህን ይውሰዱ። ዛሬ ቢሰፋው ያድግበታል።»

«ይሄ እኮ የልጅ እጀ ጠባብ አይደለም፣ ወንድሜ። ልጅ ሰፊ ቢለብስ ይሳቅበታል እንጂ አይቆስልም። ሰፊ ኮርቻ ዘጭ ብሎ አከርካሪው ላይ ነው የሚቀመጥ።»

«እንግዲያው ጠበብ ያለውን።»

«ጠባቡንማ በባላምባራስ ኮርቻ አይቼዋለሁ።»

ውዱ ሁለቱንም መሬት አስቀመጠ። «ሰፊም አልወደዱ፣ ጠባብም አልወደዱ። ታዲያ ምን ልስጥዎ?»

«ዛሬ ልኩ የሆነ፤ ሲያድግ ደግሞ አብሮት የሚሰፋ።»

«እንጨት ከተቆረጠ ወዲያ ያድጋል እንዴ፣ እሜቴ?»

«እንጨቱ ባያድግ ማሰሪያው ይላላል። ትከሻው ላይ የሚያርፈውን የፊተኛውን ቅስት ለምን አንድ ወጥ ታደርገዋለህ? ሁለት አድርገህ አናቱን በጠፍር እሰረው። ጠፍሩ የሚገባበትን ቀዳዳ አብዛው። ፈረሴ ሰፋ ሲል አንድ ቀዳዳ እለቅለታለሁ።»

ውዱ ሐሳቡ ገብቶታል፤ የሚፈራው ሰዉን ነው። የአገሩ ሰው የሚላላ ኮርቻ አያውቅም፤ ኮርቻ ሲጠብቅ ነው ኮርቻ የሚባለው። «መቀነት ነው ወይ የሠራኸው ቢሉኝስ?» አላት።

«የሚሉህን ወደ እኔ ላካቸው» አለች።

ልክ አምጪ ተባለች። ልኩን እንዴት እንዳመጣችው ዛሬም ይወራል። አንድ ሰፋ ያለ እርጥብ የበሬ ቆዳ ወስዳ ቦራ ትከሻ ላይ አጋደመችው። በሁለት እጇ ጫን ጫን እያደረገች፣ እያባበለችው፣ ቆዳው እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አብራው ቆማ ዋለች። ቆዳው ሲደርቅ የትከሻውን ቅርጽ እንደያዘ ቀረ። ያንን ጎባጣ ነገር በጀርባዋ ተሸክማ በገበያው መካከል ስታልፍ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እርሷም አልተደበቀችም፤ «የፈረሴ ትከሻ ነው» እያለች አለፈች።

ውዱ መጀመሪያ በግድ የጀመረውን ሥራ ኋላ በፍቅር ጨረሰው። ከዋንዛ ጠርቦ፣ ቅስቱን ለሁለት ከፍሎ፣ አናቱን በጠፍር አሰረው። ከሥሩ የሚነጠፈውን ድብዳብ ከበግ ጸጉር አድርጎ፣ ሲያስፈልግ የሚወጣና የሚገባ አደረገው። ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ ጫነው። ዘቢደር በእንጨቱና በትከሻው አጥንት መካከል ሁለት ጣቷን አስገባች፤ ሁለቱም ጣቶቿ ሳይጨነቁ ገቡ። ቦራ ዞር ብሎ ኮርቻውን አሸተተና ድርቆሹን መብላት ቀጠለ።

ወሬው ባላምባራስ ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ዝግባ ሥር ዘቢደርን አስጠራት። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ ፈንቴ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ለማንም የማያደሉ፣ ለዚህም ሁሉም በየተራው የሚያኮርፋቸው ሽማግሌ ናቸው።

«የአባቴን ኮርቻ ንቃ» አለ ቢሻው፣ «ከገበያ የሚጠብና የሚሰፋ እንጨት አሠራች። በዚህ ላይ እኔ የምለው የለኝም፤ እናንተው ፍረዱ።»

ይህን ካለ በኋላ ብዙ አለ። አባቱን አነሣ፣ የአባቱን ዘመቻ አነሣ፣ በኮርቻው ላይ ሆኖ ራሱ ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ ዘረዘረ። ሲደክመው አያ ፈንቴ ወደ ዘቢደር ዞሩ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አልናቅሁም፣ አያ ፈንቴ። ግራዝማች ያረፉት በክብር ነው፤ ኮርቻቸውም ከግድግዳ ላይ በክብር ይረፍ። ሕይወት ያለውን ግን ለሞተው ብዬ አላቆስልም።»

«ልማዱ የቤት ኮርቻ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

«የቤቱ ኮርቻ ፈረስ ከበላ ቤቱ የሚተርፈው ምን ላይ ተቀምጦ ነው?»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አንዳንዱ ድፍረቷ አስከፋው፤ አንዳንዱ ደግሞ እቤቱ የቆመው ገጣባ ፈረስ ትዝ አለው። አያ ፈንቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። «የምትጭኚውን ጫኚ። ነገር ግን ፈረሱ ካመፀ ወይም የተቀመጠበትን ከጣለ ሌላ ልመና የለም፤ ያኔውኑ ልጓሙን ለባላምባራስ ትሰጫለሽ።»

«እሺ» አለች።

«ማንስ ይቀመጥበታል?» አለ ቢሻው። «በዚያ ኮርቻ ላይ የሚወጣላት ወንድ እዚህ አገር የለም።» የተናገረው እውነት ነበር፤ ከጎበዞቹ ብዙዎቹን አስቀድሞ አስጠንቅቋቸዋል።

«ያሳደገችው ትቀመጥበታለች» አለች ዘቢደር፣ ነጠላዋንም አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በጥር ጊዮርጊስ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዕልልታው ጋብ ሲል ፈረሶቹ በየተራ መዞር ጀመሩ። አንዳንዱ ይነክሳል፣ አንዳንዱ ያነክሳል፣ ጋላቢዎቹም ፈረሳቸውን እየተሳደቡ ይዞራሉ። የዘቢደር ተራ ሲደርስ ቦራን እየሳበች ገባች። ቀሚሷን በመቀነቷ ከፍ አድርጋ ታጥቃለች፤ ከሥሩ የለበሰችው የተገኘን ሱሪ ነው። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ሸፍነውም በጣታቸው መካከል አዩ።

ከመጫኗ በፊት ቅስቱን ፈትሻ፣ ቦራ ኮርቻው ከተሠራ ወዲህ መስፋቱን አየችና እዚያው በሕዝብ ፊት ጠፍሩን ፈትታ አንድ ቀዳዳ ለቀቀችለት። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። «ምሳ በልቶ ነው?» አለ አንዱ። ዘቢደር ጠፍሩን አጥብቃ ቋጠረች፣ ጫነችው፣ እርካቡን ረገጠችና ወጣች። ቦራ ከጣላት ልጓሙን በገዛ እጇ አውጥታ ለዚያ ሰው መስጠቷ ነው።

ቦራ ጆሮውን ወደ ፊት አቆመ። በእርምጃ ጀመረ፣ ወደ ሶምሶማ አለፈ፤ የሜዳው ማዶ ሲደርሱ ልጓሙን ስታላላለት ደንገላሳውን ለቀቀው። ዘቢደር አንድም ጊዜ አልመታችውም። ሲመለሱ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አንዲት አሮጊት ዕልል አሉ፤ የተቀሩት ሴቶች ባሎቻቸውን አየት አደረጉና ተከተሏቸው።

አያ ፈንቴ ኮርቻውን አስወረዱና በመዳፋቸው የቦራን ጀርባ ከትከሻው እስከ ወገቡ ዳሰሱት። ላቡ ግራና ቀኝ እኩል ነው። የተፋቀ ጸጉር የለም፣ ያበጠ ቦታ የለም፣ ፈረሱም ሲነካ አልሸሸም። መዳፋቸውን ለሌሎቹ ሽማግሌዎች አሳዩ። «ፈረሱ የእርሷ ነው» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቢሻው በጊዜው ተረስቶ ይቀር ነበር፤ ምላሱ አላስቀመጠው አለ እንጂ። ኩታውን እያስተካከለ ወደ መካከል ወጣ።

«ይሄ ምን ይደንቃል?» አለ። «ሴት የተቀመጠችበት ፈረስ ያንቀላፋል እንጂ ያምፃል? ኮርቻው አይደለም፣ ወገኖቼ፤ ፈረሱ መጀመሪያም ደህና ነበር፣ ጋላቢ አጥቶ ነው። እኔ ብሆን በአባቴ ኮርቻ ጭኜ፣ ያለ አለንጋ፣ ከዚህ እስከ ወንዙ አድርሼ እመልሰው ነበር። ምን ላድርግ፣ በሯን ዘግታ ፈረሱን ነፈገችኝ። በጠባብ ግቢ ሎሌ አወጣሁበት እንጂ ሜዳ አግኝቼ መቼ ሞከርሁት?»

ዘቢደር ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። አሸንፋለች፤ ዝም ብላ ብትሄድ ማንም አይከለክላትም። ነገር ግን ዛሬ ዝም ካለች ይህ ሰው በሚመጣውም ዓመት፣ ከዚያ በኋላም ያንኑ ኮርቻ አሸክሞ ደጇ እንደሚቆም ገባት። የቦራን አንገት ዳበሰች። ለአንድ አፍታ የሚቆነጥጠው ኮርቻ ዕድሜ ልኩን ከሚያሳድደው ይሻላል።

«አያ ፈንቴ» አለች ጮክ ብላ፣ «ባላምባራስ የግራዝማችን ኮርቻ አምጥተዋል። ይጫኑት። ራሳቸው ተቀምጠው ወንዙ ደርሰው ከተመለሱ ቦራን ከነልጓሙ ይውሰዱት፤ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ የእኔም የማንም ፈረስ በእርሳቸው ኮርቻ አይለካ።»

ሎሌው ኮርቻውን ከሚለብሰው ግላስ ጋር አምጥቶ ሣሩ ላይ አኖረው። ቦራ ሽታው ሲደርሰው ጆሮውን አጋድሞ በኋላ እግሩ መሬቱን መታ። ቢሻው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። የአምናው ፈረሱ ጀርባ ምን እንደመሰለ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ሰዉ መንገዱን ዘግቶታል» አለ። አያ ፈንቴ በእጃቸው አመለከቱ፤ ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ።

«የለበስሁት የክት ነው።» አንዱ የራሱን ጋቢ አውልቆ አቀበለው፤ ጋቢው በእጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ፈረሱም ደክሟል፤ የደከመ ፈረስ መጋለብ ነውር ነው። አባቴ ቢኖር—»

ዘቢደር ልጓሙን በተዘረጋ እጇ እንደያዘች፣ ዓይኑን ዓይኑን እያየችው ቆማለች። አያ ፈንቴ የቢሻውን ነገር እንዲጨርስ አልጠበቁትም፤ በምርኩዛቸው መጀመሪያ ወደ ቦራ፣ ቀጥሎ እስከ ወንዙ ወደ ተከፈተው መስክ እያመለከቱ፣ «ባላምባራስ፣ ነገር አናርዝም፤ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አሉ።